እቴነሽ ዘባቡር ሰፈር

ከእንፍራንዝ ወደ አዘዞ ስትመጡ፣ አስፋልቱን ለቃችሁ በቀኝ በኩል ትንሽ ሽቅብ ብትሉ ሰፈራችንን ታገኙታላችሁ። ባቡር ሰፈር ይባላል። ባቡር ግን የለውም። መሳቅ ከፈለጋችሁ አሁኑኑ ሳቁና ይውጣላችሁ፤ ከበላያችን ያለው የአምባው ሰው ሲስቅብን ስለኖረ ለእኛ አዲስ አይደለም። ከሳቃችሁ በኋላ ግን ዝም ብላችሁ ስሙኝ። የማወራችሁ ስለ እቴነሽ ነው፤ ስለ እቴነሽ ሳወራ ደግሞ መሐል የሚገባብኝ ሰው አልወድም።

ነገሩ የጀመረው ከቀያሾቹ ነው። እኔ ገና ሳላገባ፣ ባርኔጣ ያጠለቁ ሰዎች በመኪና መጡና ከወንዙ እስከ አምባው ሥር ድረስ ቀይ የተቀባ የሲሚንቶ ችካል በረድፍ ተከሉ። «ባቡር ሊያልፍ ነው» አሉ፤ ድንኳናቸውን ነቅለው ሄዱ። ችካሉ የሐዲዱ መሐል መሆኑን ለገበሬው የነገረው የለም። ገበሬው ደግሞ የተተከለ ነገር ሲያይ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ድንበር። በእኛ አገር ድንበር የገፋ ሰው እርግማኑ እስከ ልጅ ልጁ ይወርዳል ይባላል። ስለዚህ በሬዎቹን ወደ ችካሉ ሊያስጠጋ የደፈረ ሰው አልተገኘም። ከላይ ያለው ወደ ላይ ሸሸ፣ ከታች ያለው ወደ ታች ሸሸ። በመሐል ማንም የማያርሰው፣ ሣር ብቻ የበቀለበት ቀጭን መሬት ተረፈ። ባቡሩም የውኃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

ያንን መሬት መጀመሪያ ያየችው እቴነሽ ናት። አድማሴ የሚባል ባል ነበራት፤ የአምባው ሰው፣ በሬ ያለው፣ ጎተራው የሞላ። ከቤቱ አስወጣት። በአንድ ቦርሳ ልብሷን፣ በአንድ ዘንቢል ድስቷን ይዛ ወረደች፤ እናትና አባት የላት፣ ወዴት ትሂድ? ከችካሎቹ አጠገብ ሸራ ወጥራ ተኛች። በነጋታው ገበሬዎቹ ከላይም ከታችም ተሰብስበው ጮኹባት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ድንበር ላይ ይተኛል እንዴ?»

«ድንበሩ የማን ነው?» አለች።

ተያዩ። የማንም አልነበረም። ላይኛው የታችኛው ነው ይላል፤ ታችኛው የላይኛው።

«እንግዲያው የእኔ ነው» አለችና እሳቷን ማንደድ ቀጠለች።

ከዚያ ወዲያ ሰው እየተጠራቀመ መጣ። ሳንጃ ሰሊጥ ለማጨድ ወርዶ ባዶ እጁን የተመለሰ፣ ከባሏ የተፋታች፣ ከወንድሞቹ ድርሻ ያጣ፣ ሁሉም። እኔ ጽጌሬዳና ባሌ መዝሙርም ከሳንጃ ስንመለስ መግቢያ አጥተን ነው የመጣነው። መሪጌታ ኪዳነወልድም መጡ፤ ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ልጆቻቸው ቤታቸውን ሸጠውባቸው ነው፤ የልጅ ነገር እንዲህ ነው እንግዲህ። መሬቱ ቀጭን ስለሆነ ቤቶቻችን ጎን ለጎን መቆም አልቻሉም። አንዱ ከሌላው ኋላ፣ ሌላው ከዚያ ኋላ፣ ችካል ችካሉን እየተከተሉ ተሠሩ። በጎን እንዳንሄድ ማሳ ነው፤ ጤፍ ረገጣችሁ ብለው በዱላ ይነሱብናል። ስለዚህ ሁላችንም የፊትም የኋላም በር ከፈትን። እሳት ልትጫር የመጣች ጎረቤት በእኔ ቤት አልፋ ወደ ሌላው ትሄዳለች። ማንም ከማንም የሚደብቀው ወጥ የለም። እንግዳ ሰው ሲያየን «እናንተ ሰዎች ራሳችሁ ባቡር ናችሁ እኮ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደ ፉርጎ የተቀጣጠለ ነው።

እቴነሽ ዘመዴ አይደለችም፤ ግን እቴቴ እላታለሁ። አጭር ናት፣ ጥርሷ ፍንጭት ነው፣ ስትቆጣ ድምፅዋ አምባው ላይ ይሰማል። አንዱ ችካል ቤቷ መሐል ላይ ነው የወደቀው። አልነቀለችውም፤ ቁርበት አልብሳ ትቀመጥበታለች። «መቀመጫዬን መንግሥት ነው የተከለልኝ» ትላለች። አዋላጅ ናት። አረቄም ታወጣለች፤ ደግሞም ሸጋ አረቄ ናት፣ ከጎንደር ድረስ መጥተው ይወስዱላታል። ሰው ሲያለቅስ ማየት አትወድም። «ተነሽ፣ ፊትሽን ታጠቢ፣ ከዚያ እንሳደባለን» ትላለች። ማንን እንደምንሳደብ ሳይነገረን እንታጠባለን።

ቦኖ ውኃ ያስገባችልንም እሷ ናት። ቧንቧው ለአምባው ሲዘረጋ በእኛ ሰፈር መሐል አለፈ፤ ለእኛ ግን ጠብ አላለልንም። «እናንተ በካርታ ላይ የላችሁም» ተባልን። እቴቴ ምን አደረገች መሰላችሁ? የሰፈሩን ባዶ ጀሪካን ሁሉ በባጃጅ አስጭና ወረዳ ወረደች። ከኃላፊው ቢሮ በር ላይ ደረደረችው፤ ከኮሪደሩ እስከ ደረጃው ድረስ ቢጫ በቢጫ ሆነ። ባለጉዳይ አያልፍ፣ ኃላፊው አይወጣ። ጥበቃው መጥቶ «አንሺው» ሲላት «ጀሪካኑን የምታየው ከሆነ እኛም አለን ማለት ነው፤ ጻፈን» አለችው። ክረምቱ ሳይገባ ቦኖው ተተከለልን።

እንግዲህ አምና የሆነው ይህ ነው።

ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ሊቀመንበሩ አንዱዓለም ገና ወጣት ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ግን የሚናገረው ሁሉ ከስልኩ ላይ የሚያነበው ይመስላል። «የባቡሩ መስመር በዚህ በኩል መሆኑ ቀርቷል፤ መሬቱ ለቀድሞ ባለይዞታ ይመለሳል» አለ። ይህን ሲል አድማሴ ተነሣ። አዎ፣ ያው አድማሴ፣ የእቴቴ ባል የነበረው። ከወንዙ እስከ አምባው ሥር የአባቱ መሬት እንደነበረ፣ ባቡር ይመጣል ተብሎ እንደለቀቀ፣ አሁን እንዲመለስለት ተናገረ። ውሸቱን ነው ልበል? አልልም። አባቱ አርሶት ያውቃል። ግን እሱ ችካል ፈርቶ ሲሸሽ እኛ አልፈራንም። እኛ ወልደንበታል፣ አልቅሰንበታል። ደግሞ እሱ መሬት አጥቶ ነው? ቆሽቴ አረረ።

አንዱዓለም ነገሩን ወደ ሽማግሌ መራው። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት አያ ዋኘው ናቸው፤ በመሐላ የማይቀልዱ፣ የዱሮ ሰው። እኛ ጋ የድንበር ክርክር ሲጠና የሚደረገው ይታወቃል፤ መሬቱ የኔ ነው ያለ ሰው ከዚያው መሬት የአፈር ጓል አንሥቶ በጫንቃው ይሸከማል። ጓሉን እንደተሸከመ «የኔ ነው» ያለውን ድንበር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይረግጣል። ከዚያ ሳያርፍ ወጥቶ አምባው ላይ የማርያም ቤተ ክርስቲያንን ደጅ ይስምና ይምላል። መሐል ላይ ጓሉን ካወረደ አልማለም። መስመሩን ለቆ ከዞረም አልማለም። ለነገ ይቆይልኝ ማለት የለም።

«አድማሴ ይርገጥና ይማል» አሉ አያ ዋኘው። «ከማለ መሬቱ የእሱ ነው፤ ሰፈሩ ይነሣል። ካልማለ ሁለተኛ አይጠይቅም፤ መሬቱ ለያዙት ይጽና።» አንዱዓለም በዚህ ተስማማ። አድማሴም ተስማማ። እኛን የጠየቀን የለም።

ያን ቀን ወደ ሰፈር ስንመለስ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። አንዳንዱ ቆርቆሮውን መንቀል ጀመረ። የእኔ የመውለጃ ወር ገብቷል፤ መዝሙር ሳንጃ ነው፣ ስልኩ አይሠራም። ሆዴን ይዤ ከደጄ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ወዴት ነው የምሄደው? አዘዞ ቤት ልከራይ? በምኔ? አራስ ልጄን ታቅፌ አስፋልት ዳር ልቀመጥ?

እቴቴ በቤቶቹ መሐል እያለፈች መጣች። ቆርቆሮ የሚነቅለውን ሰውዬ መዶሻውን ቀማችው።

«ማን ንቀል አለህ?»

«እቴቴ፣ መሐላ እኮ ነው። እሱ ከማለ...»

«ገና አልማለም! ሰው ሳይሞት ጉድጓድ ይቆፈራል እንዴ?» አለችና ለሁላችን እንዲሰማ ጮኸች። «ስሙኝ! የእሱ ድንበር የሚያልፈው በየት በኩል ነው? በቤታችን ውስጥ ነው። ችካሉ ያለው እኔ ቤት ነው፣ ጽጌሬዳ ደጅ ነው፣ መሪጌታ መኝታ ሥር ነው። እንግዲያው ይለፍ። ሁለቱንም በር ክፈቱለት። ማንም ወደ ውጭ አይውጣ። የሚበላ እየበላ፣ የሚፈትል እየፈተለ ይጠብቀው። ፊታችንን እያየ፣ በየምድጃችን አልፎ፣ አፈር ተሸክሞ ይርገጠን። ከዚያ ሄዶ ማርያምን ይስማት፤ ከቻለ!»

ሐሳቧ ይኸው ብቻ ነበር። ይህን የምላችሁ በኋላ የአምባው ሰው ያወራውን ስለማውቅ ነው። እቴነሽ ተንኮል ሠርታ ነው ይላሉ። የት አባታቸው! ምጥ በቀጠሮ ይመጣል?

ምጡ የመጣው በመሐላው ቀን ጎሕ ሊቀድ ሲል ነው። እቴቴ ከጎኔ አልተለየችም። «ግፊ የኔ አንበሳ፣ ግፊ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ «ዛሬ እኮ ይመጣሉ፣ ዛሬ ነው እኮ» እላለሁ። «የሚመጣው ይምጣ፤ አንቺ የያዝሽውን ጨርሺ» አለችኝ። ፀሐይ ስትወጣ ጨረስሁ። ሴት ናት። ዕልልታው ሦስት ሆነ፤ ሌላ ጊዜ ዕልልታ እስከ አምባው ያሰማ የነበረው ሰፈር ያን ቀን ቀስ ብሎ ነው ዕልል ያለው፤ ሰው ልቡ ሌላ ቦታ ነበር። እቴቴ ልጅቱን ጠቅልላ ደረቴ ላይ አስተኛችልኝ። ወዲያው ከወንዙ በኩል ሰው ሲያጉረመርም ተሰማ።

አልጋዬ ከኋላ በሩ ፊት ለፊት ነው። በሩ ክፍት ነበር። በዚያ በር የጎረቤቴ ቤት ይታየኛል፤ በእሷ ቤት ውስጥ ደግሞ የሌላው፣ ከዚያ ወዲያ የሌላው። በሮቹ ሁሉ በአንድ መስመር ተከፍተው ከወንዙ ድረስ ብርሃን ይገባ ነበር። በዚያ ብርሃን ውስጥ አድማሴን አየሁት። ትልቅ ጥቁር ጓል ተሸክሟል፤ አፈሩ በአንገቱ ላይ ይረግፋል። ሽማግሌዎቹና አንዱዓለም ከኋላው ናቸው። አንዱን ቤት ሲገባ፣ ሲወጣ፣ ሌላውን ሲገባ አየዋለሁ። በየቤቱ ሰው ቁጭ ብሏል። የሚበላው ይበላል፣ የምትፈትለው ትፈትላለች። የመሪጌታ ኪዳነወልድ ቤት ሲደርስ ግን ዓይነ ስውሩ ሰውዬ የእግሩን ድምፅ ሰምተው ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ማነህ? እንግዳ ነህ? ግባ፣ ግባ፤ እንጀራ አለ» አሉት።

አድማሴ ትንሽ ቆመ። ከዚያ አለፋቸው። እኔ ልጄን ይዤ ክፉ ነገር አሰብሁ። እግሩ ቢሰበር፣ ጓሉ ቢወድቅበት፣ ሰማይ ቢጫነው ብዬ ተመኘሁ፤ ማርያም ይቅር ትበለኝ። ቤት በጨረሰ ቁጥር የእኔ ቤት እየቀረበ ነው። ከእኔ ቀጥሎ ያለው የእቴቴ ቤት ነው፤ ከዚያ ወዲያ አምባው ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ነው፣ ቄሱ አባ ዕንባቆም መስቀላቸውን ይዘው ደጁ ላይ ቆመዋል።

ደረሰ። በሩን ሊያልፍ ሲል እቴቴ መሐል ገብታ ቆመች።

ጓሉን እንደያዘ አያት። እነሱ ሁለቱ ከተለያዩ ወዲህ እንደዚያ ተቀራርበው ቆመው አያውቁም።

«ምነው ልትከለክይኝ ነው?» አላት።

«አልከለክልህም» አለች። ከበሩም ዘወር አለችለት። «ግባ። ግን ከመግባትህ በፊት እወቅ። አራስ ናት። አሁን ነው የተገላገለች፤ ቤቱ ገና ጠበል አልተረጨም።»

ያን ጊዜ ነው ለእኔም የገባኝ። አድማሴ ደግሞ ከእኔ ቀድሞ ገብቶታል፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ጠበል ያልተረጨበት አራስ ቤት የገባ ሰው ቤተ ክርስቲያን አይሄድም፤ ደጁንም አይስም። ይህን በአገራችን የማያውቅ የለም። ማርያምን ሳይስም ደግሞ መሐላው መሐላ አይሆንም።

አንዱዓለም ከኋላ ሆኖ «ታዲያ ምን ችግር አለው፤ በጎን ዞሮ ይለፍ» አለ።

አያ ዋኘው ዞረው አፈጠጡበት። «መሐላ ጀምሮ ይዞራል? የዞረ እንደሆነ እኮ ድንበሩ ይኼ አይደለም ማለቱ ነው።»

«እሺ ቄሱን እንጥራና ጠበል ይርጩ፤ ነገ...»

«ጓል ተሸክሞ ያድራል? ዝም በል አንተ ልጅ።»

አድማሴ እንደቆመ ነው። ላቡና አፈሩ ተቀላቅሎ በጉንጩ ይወርዳል። እቴቴ ቀረበችው። እኔ ትጮኽበታለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ግን ዝግ ብላ ነው የተናገረችው።

«አድማሴ፣ መሃን ናት ብለህ ነው ያስወጣኸኝ። ሽማግሌ ፊት 'ልጅ የሌላት ሴት መሬት ምን ያደርግላታል' አልህ። አያ ዋኘው፣ አንቱም ነበሩ፤ ሰምተው ዝም አሉ። ልክ ነው፣ አልወለድሁም። ተቃጥያለሁ፣ አንጀቴ አርሯል፤ ማንም አላየልኝም። ግን በዚህ ሰፈር የተወለደ ልጅ ሁሉ በእነዚህ በሁለት እጆቼ ነው የወጣ። ይችም ዛሬ ወጣች። እዚህ ያለሁት የማንንም መሬት ልነጥቅ አይደለም፤ ከመሬት ላይ ስለተጣልሁ ነው። አሁን ደግሞ ከዚህም ልታነሣኝ መጣህ። እሺ፣ ግባ። በዚች ልጅ ራስጌ አልፈህ 'የኔ ነው' በል። አልነካህም።»

አያ ዋኘው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። እኔ እምባዬ ይፈሳል፤ ልጅቱ ደግሞ በዚያ ሰዓት ነው ማልቀስ የጀመረችው፣ ቀጭን፣ ጠጉር የሚያቆም ልቅሶ።

አድማሴ አንድ እግሩን አነሣ። ገባ አልሁ። እግሩን መልሶ እዚያው አስቀመጠው። ከዚያ በሁለት እጁ ጓሉን ከጫንቃው አውርዶ ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረው፤ አልወረወረውም። አፈሩን ከአንገቱ አራገፈ።

«ልጅቱ ደህና ናት?» አላት።

«ደህና ናት።»

«እናቲቱስ?»

«ደህና ነኝ!» ብዬ ከአልጋዬ ጮኽሁበት። ምን ቆርጦኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ጮኽሁበት።

አድማሴ በማሳው መሐል ጤፉን እየረገጠ ሄደ። ጤፍ ስለመርገጡ የተናገረው የለም። አያ ዋኘው ኮፍያቸውን አነሡና «መሐላው ፈርሷል፤ መሬቱ ለያዙት ይጽና» አሉ። ያኔ ነው ሰፈሩ የጎደለውን ዕልልታ የጨመረው። ከወንዙ ጀምሮ በየበሩ እያለፈ መጣና በእኔ ቤት አልፎ ሄደ። መሪጌታ ኪዳነወልድ «ምን ተፈጠረ? ንገሩኝ እንጂ!» እያሉ ይጮኻሉ። እቴቴ ግን ዕልል አላለችም። ችካሏ ላይ ሄዳ ተቀመጠችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ተነሽና ታጠቢ የምትለዋን ሴት ስታለቅስ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማኋት። ማንም አጠገቧ አልሄደም፤ እንድትጨርስ ተውናት።

ልጄ ክርስትና ስትነሣ ናዝራዊት ተባለች። መዝሙርም ከሳንጃ መጣ፤ ያመለጠውን ነገር ሲሰማ ራሱን ያዘ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዱዓለም ከመሬት አስተዳደር ሰዎች ጋር መጥቶ ቤቶቻችንን ለካ። በየቤቱ እየገባ፣ በኋላ በር እየወጣ ሲለካ ዋለ። በመጨረሻ የእቴቴ ቤት ደረሰ። ችካሉን በእግሩ ነካ ነካ አደረገው።

«ይኼ ይነቀል እንዴ እቴቴ?»

«አትንካው። የት ልቀመጥ ነው?»

ሳቀ። ከዚያ ደግሞ ያው አመሉ ነው፣ ስልኩን አየና ኮስተር አለ። «እንደው ለማሳወቅ ያህል ነው» አላት፤ «ባቡሩ አሁን ቀርቷል። ግን ዕቅድ ይቀየራል። አንድ ቀን በዚሁ መስመር ይምጣ ከተባለ ያን ጊዜ ትነሣላችሁ።»

እኔ ልጄን አዝዬ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ደሜ ፈላ። አፌን ልከፍት ስል እቴቴ ቀደመችኝ።

«ባቡር ሰው በሌለበት ምን ሊሠራ ያልፋል?» አለችው። «ይምጣ እንጂ! እኛ እኮ የመጣነው በስሙ ነው፤ እዚህ ሲደርስ ይቁም፣ ሰው ያሳፍር። እኔም እሳፈራለሁ፤ ጎንደርን አይቼ፣ አዘዞን አይቼ፣ ከፈለገም አዲስ አበባን አይቼ እመጣለሁ። አንተ ግን ሊቀመንበር ከሆንህ ካሁኑ ንገርልኝ፤ ትኬቴን ደርሶ መልስ ይቁረጡልኝ።»